ከዛፉ ሥር በግራ የመታኋት ኳስ

ኳሷን ከዛፍ ግንድ ሥር ተወሽቃ አገኘኋት። በኳሷና በግንዱ መካከል ሁለት ጣት ቢያስገባ ነው። ግንዱ ያለው በግራዋ በኩል ነበር። እኔ ደግሞ ቀኝ ነኝ። በቀኝ የሚመታ ጎልፍ ተጫዋች ወደ ባንዲራው ሲያይ ከኳሱ በስተግራ ነው የሚቆመው። የእኔን መቆሚያ ዛፉ ይዞታል።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ላንግስተን የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ። የማኅበራችን ዓመታዊ የጥሎ ማለፍ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደርሻለሁ። ተጋጣሚዬ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በእንግሊዝኛ በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ በልቤ ግን ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ኳሱን ሩቅ አይመቱም፣ ግን ከመንገዱ አያወጡትም። እንደ እሳቸው ያለ ተጫዋች ነው የሚያስቸግረው።

ስለ ሜዳው ትንሽ ልበል፣ እዚያ ስጫወት ሁልጊዜ የሚሰማኝ ነገር አለና። ላንግስተን የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1939 ነው። ያኔ የከተማዋ ጎልፍ ሜዳዎች በዘር የተከፋፈሉ ነበሩ። ጥቁሮች የራሳቸው ሜዳ እንዲኖራቸው ከታገሉት መካከል ዌክ ሮቢን የተባለው የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ አለበት፤ የተመሠረተው በ1937 ነው። ሜዳው ስሙን ያገኘው ከጆን መርሰር ላንግስተን ነው፤ ከቨርጂኒያ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር። በ1975 ማስተርስ በተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር የመጀመሪያው ጥቁር ተሰላፊ የሆነው ሊ ኤልደርም በኋላ ይህን ሜዳ አስተዳድሯል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከጋሼ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ስንሄድ ቀስ እያሉ ይነግሩኛል። እኔ ከመንዝ ገጠር መጥቼ በዚያ ሣር ላይ መቆሜ ቀላል ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

ወደ ዛፉ ልመለስ። የምንጫወተው ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። በዚህ አጨዋወት የምቱ ጠቅላላ ድምር አይቆጠርም። እያንዳንዱን ጉድጓድ ባነሰ ምት የጨረሰ ያን ጉድጓድ ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ ይካፈላሉ። ሃንዲካፕ የተጫዋች ደረጃ ቁጥር ነው፣ ሲበዛ ደካማ ማለት ነው። የእኔ 19፣ የእሳቸው 14 ስለነበር ከባድ በተባሉት አምስት ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ ምት ይቀነስልኛል። አምስቱንም ተጠቅሜ ጨርሻለሁ። ከአሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች አሥራ ሰባተኛው ላይ ስንደርስ በአንድ ጉድጓድ ይመሩኛል። እሳቸው በሁለት ምት ግሪኑ ላይ፣ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ ወጥተዋል። እኔ በሁለት ምት ዛፍ ሥር ነኝ። ከግሪኑ ጠርዝ ሃያ አምስት እርምጃ ያህል እርቃለሁ።

ሕጉ መውጫ ይሰጣል። ኳሱ አይመታም ብለህ አንድ የቅጣት ምት ትወስድና ከነበረበት በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትጠጋ ትጥለዋለህ። ጠቅላላ ምት የሚቆጠርበት ውድድር ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ጥርጥር ይህንኑ አደርግ ነበር። አንድ ምት ከስሮ መውጣት ስምንት ምት እዚያው ከመቅረት ይሻላል። ያን ቀን ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቅጣቱን ከወሰድኩ ቀጣዩ አራተኛ ምቴ ይሆናል። ጋሼ በሁለት ፓት፣ ማለትም ግሪኑ ላይ ኳሱን ሁለቴ አንከባለው፣ በአራት ይጨርሳሉ። ያን ጉድጓድ ካጣሁ በሁለት ይመሩኛል፣ የሚቀረው አንድ ብቻ ነውና ጨዋታው አበቃ። በአምስት ተሸነፍኩ በአሥር ተሸነፍኩ ለውጥ የለውም። ከዛፉ ሥር ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። ድፍረቱ የመጣው ከዚህ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዝግጅት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አጥር ሥር እንዲሁ ተይዤ ነበር። ቅጣት ወስጄ ተሸነፍኩ። መኪና እየነዳሁ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ልጅ ሆነን የገና ጨዋታ ስንጫወት መቼ በቀኝ ብቻ መትተን እናውቃለን? የገና ዱላ ፊትና ጀርባ የለውም። ጫፉ የተቆለመመ እንጨት ነው። እሩሯ፣ ኳሷ ማለት ነው፣ በቀኝ ስትመጣ በቀኝ፣ በግራ ስትመጣ በግራ ትለጋታለህ። ሰው ተከምሮብህ፣ አቧራው ዓይንህ ውስጥ ገብቶ፣ ቦታ እስክታስተካክል የሚጠብቅህ የለም። ታላቅ ወንድሜ በግራ ሲመታ ከቀኙ አይለይም ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መለማመጃ ስሄድ ከአንድ ባልዲ ኳስ የመጨረሻዎቹን አሥር በግራ መምታት ጀመርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የግራ ዱላ የለም። ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ አይፈቅድም፣ ለአንድ ቀን ብዬ የግራ ዱላ ይዤ አልዞርም። ስለዚህ ዌጁን፣ ፊቱ ጋደም ያለውን የአጭር ርቀት ዱላ፣ ገልብጬ፣ ጫፉን ወደ መሬት አድርጌ ነበር የምመታው። ሕጉ የዱላው ራስ በየትኛውም በኩል ቢመታ አይከለክልም። መግፋትና መጨለፍ ነው ክልክሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ። ወይ መሬት እቆፍራለሁ ወይ አየር እመታለሁ። ለውጥ ያመጣው ሦስት ነገር ነው። ዱላውን ከእጀታው ዝቅ አድርጌ፣ ብረቱ አካባቢ መያዝ ጀመርኩ። ኳሱን ወደ ኋለኛው እግሬ አስጠጋሁት። ዱላው ደግሞ ከጉልበት እስከ ጉልበት ብቻ እንዲሄድ አደረግኩ። ከዚያ በላይ ካነሳሁት የተገለበጠው ብረት ይዞራል፣ ኳሱም የትም ይሄዳል። ዌጁን የመረጥኩት ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ሲገለበጥም ኳሱን የሚያገኘው እሱ ነው። ርቀቱ ከአሥር እርምጃ በታች ከሆነ ግን ሌላ ዘዴ ይሻላል። ለባንዲራው ጀርባህን ሰጥተህ ትቆማለህ፣ በቀኝ እጅህ ብቻ ይዘህ ወደ ኋላ ትመታለህ። ይህኛው ቶሎ ይለመዳል፣ ጉልበት ግን የለውም።

እና ያን ቀን ከኳሷ በስተቀኝ ዞሬ ቆምኩ። ሥሩን አየሁ። አንድ ወፍራም ሥር ከኳሷ ኋላ ራቅ ብሎ አለ፣ ከፊቷ ግን ንጹሕ ነው። ሥሩ ከፊት ወይም ቅርብ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ሥር መትቶ የእጅ አንጓውን ያመመ ሰው አውቃለሁ፣ ወራት ነው የፈጀበት። ትንሽ ቅርንጫፍ ትከሻዬን ይነካ ነበር። መስበር አይፈቀድም፣ ስለዚህ ጎንበስ አልኩለት። ሁለት ጊዜ ከኳሷ ራቅ ብዬ ሣሩን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። ድምፁን ለመስማት ነው። ሣሩ ሽው ካለ ዱላው በትክክለኛው ከፍታ እየሄደ ነው ማለት ነው።

የማሳርፍባትንም ቦታ መረጥኩ። ከግሪኑ ሦስት እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ የደረቀ፣ ቢጫ ሣር ነበር። ኳሷ እዚያ ካረፈች ነጥራ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ባንዲራውን አላየሁትም። ኳሷ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ምልክት አድርጌ ነበር፣ እሷን ብቻ እያየሁ መታሁ።

ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ጠቅ! እንደ እንጨት ነው፣ እንደ ብረት አይደለም። ቀና ስል ኳሷ ዝቅ ብላ እየበረረች ነው። ቢጫው ሣር ላይ አረፈች፣ ሁለቴ ነጠረች፣ ግሪኑ ላይ ወጥታ ወደ ቀኝ እየታጠፈች ትንከባለል ጀመር። ቁልቁለቱን አላሰብኩትም ነበር። እሱ ግን ወደ ጉድጓዱ ይዟት ወረደ። ከጉድጓዱ ክንድ ተኩል ያህል ስትቀር ቆመች።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። የመጀመሪያ ፓታቸው ጉድጓዱን ታክኮ አለፈ፣ ሁለተኛውን አስገቡ። አራት። የእኔን ኳስ አዩና ጎንበስ ብለው አንስተው በእጄ አስያዙኝ። ገብቷል፣ አሉኝ። በዚህ አጨዋወት ተጋጣሚህ ቀጣይ ምትህን ከሰጠህ አለቀ፣ እሱም አይመልሰውም፣ አንተም እምቢ አትልም። ክንድ ተኩል ቀላል ርቀት ይመስላል። እጄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እሳቸውም አይተውታል ብዬ አምናለሁ።

ያ ጉድጓድ እኩል ሆነ። አሥራ ስምንተኛውንም እኩል ወጣን፣ በአንድ ተሸነፍኩ። ተበሳጭተሃል? ብለው ጠየቁኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን አባባላችንን ተርጉሜ ነገርኳቸው። በጨዋታው ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ ጌታው እንደማይቆጣ፣ ገና ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ፣ ዱላው እንዴት እንደሚቆለመም አስረዳኋቸው። ቆም ብለው ሰሙኝ። ዱላው ፊትና ጀርባ የለውም ስላቸው ሳቁ።

ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ወደ መኪናቸው የሚሄዱ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው ዌጃቸውን አውጥተው ገለበጡት፣ እንደ ግራኝ ዞረው ቆሙና፣ «እጄ ከታች የቱ ነው?» አሉኝ።

«ግራው፣ ግራው ከታች» አልኳቸው፣ ከኪሴም አንድ ኳስ አውጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።