ከእበት ቀፎ ወደ ሳጥን፦ በማኅበራችን ንብ የምናዛውርበት መንገድ

ማኅበራችን ሲጀመር በእጃችን የነበረው ከሸምበቆ ተሠርቶ በእበት የተለሰነ ቀፎ ብቻ ነበር። ሳጥኑ (ንቡ የማር እንጀራ የሚሠራባቸው ተነቃይ የእንጨት ክፈፎች፣ ማለትም ፍሬሞች ያሉት ዘመናዊ ቀፎ) ከመጣ በኋላ መጀመሪያ ያዛወርናቸው ንቦች ሳምንት ሳይሞላ ጥለው ሄዱ። ጥፋቱ የሳጥኑ አልነበረም፤ ሐምሌ ላይ፣ የሚቀሰም አበባ በሌለበት ነው ያዛወርናቸው። አሁን አደይና ኑግ ሲፈኩ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ አዛውራለሁ። በዘጌ በኩል ያሉት ደግሞ የቡናውን አበባ ይጠብቃሉ።

ሥራውን የምጀምረው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ሳይጨልም ያልቃል፣ ንቡም ሌሊቱን ይረጋጋል። አሮጌውን ቀፎ አንሥቼ ባለ 10 ፍሬሙን ሳጥን እዚያው ቦታ፣ መግቢያውን ወደዚያው አቅጣጫ አድርጌ አስቀምጣለሁ። እንጀራውን ጢስ በጥቂቱ እየሰጠሁ አንድ በአንድ እቆርጣለሁ። እንቁላልና ያልታሸገ እጭ ያለበት ሦስት ፍሬም ይበቃል፤ ንብ እጯን ጥላ መሄድ ይከብዳታል። የተቆረጠውን እንጀራ አናቱን ወደ ላይ አድርጌ ፍሬሙ ላይ በጥጥ ክር ሁለት ቦታ አስረዋለሁ። ጉድጓዶቹ ወደ ላይ ስለሚያዘነብሉ ቢገለበጥ ወለላው ይፈሳል። ናይለን አልወድም። የጥጡን ክር ንቦቹ እንጀራውን ካጣበቁ በኋላ ራሳቸው ይቀነጣጥሱታል፤ መግቢያው ላይ ነጭ ብጥስጣሽ ካየሁ ፍሬሙ መያዙን አውቃለሁ። ማር የያዘ እንጀራ ማሰር ግን ስስት ነው፦ ይከብድና ይወድቃል፣ የፈሰሰው ማርም ጉንዳን ይጠራል።

ንግሥቲቱን (አባቶች አውራ የሚሏትን) በትንሽ የሽቦ ጎጆ ከእጩ ፍሬሞች መሃል ለ3 ቀን አቆያለሁ። ካልታየችኝ ንቡን ሳጥኑ ፊት በነጭ አንሶላ ላይ አራግፋለሁ። መግቢያው ላይ ቆመው ሆዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው ክንፋቸውን ካራገቡ እሷ ገብታለች ማለት ነው። 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውኃ አሟሙቼ ማታ ማታ እሰጣለሁ፤ ቀን ከተሰጠ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል።

ብዙ ያስለፋን የአናጺው ልኬት ነው። በፍሬሙና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት። ሲጠብ ንቦቹ በሙጫ ይለጥፉታል፤ ሲሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል፣ ከዚያ ፍሬሙ ሳይሰበር አይወጣም። ለጉንዳን የማስቀመጫውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ እናቆማለን፤ አንዲት የሣር ዘለላ ሳጥኑን ከነካች ግን ድልድይ ሆነች።

ማር ማውጫ ማሽን ለሌለው አባል ሳጥን አልመክርም። የሽግግር ቀፎ (በፍሬም ፈንታ አናቱ ላይ ዘንግ ብቻ ያለው) ይበቃዋል፤ የአናቱ ዘንጎች ግን ስፋታቸው 3.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከዚያ ከሰፋ ንቡ እንጀራውን አጣሞ ከዘንግ ዘንግ ያገናኘዋል።