የልጄ ኪኒን ከወተት ጋር

የልጄን ቆረቆር በቅባት ብቻ ላድን ብዬ ሁለት ወር ደከምኩ። አናቱ ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ መላጣ ነበር። ዙሪያው ነጭ ቅርፊት፣ ፀጉሩ ከሥሩ የተሰባበረ። አያቱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ቀቡት፤ ከማቃጠል በቀር ምንም አልፈየደም።

በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። ሐኪሙ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን እንደማያድነው ነገረኝ። መዘነው፤ 25 ኪሎ። ግሪሶፉልቪን ባለ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ፣ ለ8 ሳምንት አዘዘለት።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል፣ በባዶ ሆዱ፣ በውኃ አስውጠው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለውጥ የለም። ኪኒን ልጨምር ስሄድ ፋርማሲስቷ "እህቴ፣ ከምን ጋር ነው የምትሰጪው?" አለችኝ። ለካ ይህ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ሰውነት በደንብ አይመጠውም። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ይፈልጋል። "ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ደግሞ አቁመሽ ቶሎ ነይ" አለችኝ።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጾም ጀምሯል። አያቱ "በሁዳዴ ወተት?" ብለው ደነገጡ። ንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። "ታሞ አይደል? ስጡት" አሉ። ከዚያ ወዲያ ላሟን አልበው፣ ወተቱን አፍልተው ማታ ማታ የሚያቀርቡለት አያቱ ራሳቸው ሆኑ።

ከወር በኋላ መላጣው ላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ ስስ ፀጉር ብቅ አለ። እልል አልኩ! ላቋርጠውም አስቤ ነበር። ሐኪሙ ግን ፀጉር መብቀሉ ፈንገሱ ሞተ ማለት አይደለም ብሎ እንድንቀጥል አዘዘን።

ትንሿ እህቱም ራሷን ታክ ጀመር። የሱን ኪኒን በቢላ ለሁለት ልከፍልላት ቢላውን አንስቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል። 14 ኪሎ ናት። ወስጄ አስመዘንኳት፣ የራሷ ልክ ታዘዘላት።

ጎረቤቴ ደግሞ ክንዷ ላይ ጭርት ወጥቶባት "ሁለት ፍሬ ስጪኝ" አለችኝ። እርጉዝ ናት። ፋርማሲስቷ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም እንደሚያዳክም ነግራኝ ስለነበር እንቢ አልኳት። ቅር አላት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ፤ የሚቀባ ሰጧት።

ለልጆቹ የየራሳቸውን ማበጠሪያ ገዝቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩንም ቶንዶሱን በአልኮል ሳይጠርግ እንዳይነካቸው ለምኜዋለሁ።