ለእቴቴ እንዳትነግሯት

ኩሽና ውስጥ ስድስት ነበርን። ቡናው እየፈላ ነው። ታላቁ ያክስቴ ልጅ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተሩ ያለኝን ነገርኳችሁ። ለእሷ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አለ። ካንሰሩ ጉበቷ ጋ ደርሷል። ለእቴቴ የሚነገራት "ጨጓራ ነው" ተብሎ ነው። ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ሙያዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው። ያን ቀን ግን እንደ ማንኛውም ዘመድ ተስማምቼ ወጣሁ።

እቴቴ አክስቴ ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት። እኛ ኩሽና ስንሾካሾክ እሷ ሳሎን ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጭኗ ላይ እንዝርቷን ታሽከረክርና ትለቃታለች። ባዘቶውን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ትስባለች። ክሩ እየቀጠነ ይወርዳል። ለታናሹ ልጇ ሰርግ ጋቢ ልታሠራለት ነው። ሸማኔው ሽሮ ሜዳ ነው ያለው፤ የሷን ፈትል ካላየ ዋጋ አይናገርም።

ያ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ዩኒቨርሲቲ እያለን ስለተማርነው አንድ ትምህርት ነው። የምክር አገልግሎት ንድፈ ሐሳቦች የሚባል ኮርስ ነበር። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ካርል ሮጀርስና አሮን ቤክም በደንብ ተሰጣቸው። ኤግዚስቴንሻል የሚባለው መንገድ ግን ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል መጣ። አንድ ክፍለ ጊዜና ሁለት ገጽ ሃንዳውት። ለፈተና ሸምድደነው ረሳነው።

ስሙም ችግር አለበት። በአማርኛ "ህልውናዊ" ይሉታል። ህልውና ሲባል ደግሞ እኛ ቶሎ የሚመጣልን ዜና ላይ የምንሰማው የአገር ህልውና ነው። እዚህ የተፈለገው ሌላ ነው። ሰው ሆኖ መኖር ራሱ የሚያመጣው ጭንቅ ነው። በሽታ ስለያዘን የመጣ ጭንቅ አይደለም። እንደምንሞት ስለምናውቅ፣ መምረጥ ስላለብን፣ ማንም ሙሉ በሙሉ ውስጣችን ሊገባ ስለማይችል፣ "ለምን እኖራለሁ" ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ስለሌለን የሚመጣ ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ እነዚህን በአራት ከፍሎ አስቀመጣቸው፤ ሞት፣ ነጻነት፣ ብቸኝነት፣ ትርጉም ማጣት። ያሎም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ካንሰር በሰውነታቸው ከተሰራጨ ሴቶች ጋር በቡድን ለዓመታት ሠርቷል። ያስገረመው ነገር አንዳንዶቹ ሞታቸውን ፊት ለፊት ካዩ በኋላ አኗኗራቸው መለወጡ ነው። የማይረባው ነገር ከሚረባው ተለየላቸው።

አሁን በየቀኑ የምሠራበት መንገድ የቤክ ነው። አስተሳሰብን መርምሮ ማስተካከል። ፈተና ሲደርስ ለሚንቀጠቀጥ ተማሪ፣ "ሰው ሁሉ ይጠላኛል" ለምትል ልጅ ግሩም ነው። "ለዚህ ሐሳብሽ ማስረጃው ምንድን ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ ማስረጃ የለም፤ ሐሳቡ ይላላል። እቴቴ ዘንድ ግን ይሄ ጥያቄ ምን ይሠራል? ማስረጃውማ በኤንቨሎፕ ታሽጎ ቁም ሳጥኑ ላይ ተደብቋል። "ልሞት ነው" ብላ ብታስብ የተሳሳተ ሐሳብ አይደለም። እውነት ነው።

ወደ ሮጀርስ ሄድኩ። እሱን እወደዋለሁ። አማካሪ ሰውን ሳይፈርድ ይቀበል፣ ስሜቱን ይረዳ፣ ራሱም እውነተኛ ይሁን ይላል። ሦስተኛዋ ላይ ወደቅሁ። በየቀኑ "ጨጓራሽ እንዴት አደረ?" እያልኩ እየዋሸኋት እንዴት እውነተኛ ልሁን?

ሳምንታት አለፉ። ቤቱ ሰው አይጠፋበትም። ጎረቤት ይመጣል፣ የዕድሯ ሴቶች ይመጣሉ፣ አጥሚት ይመጣል፣ ጠበል ይመጣል። እሷ መሃል ተቀምጣለች። ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ስትጠይቅ ሁሉም ይስቃል፣ "ኧረ አንቺ ገና ብዙ ትኖሪያለሽ" ይላል። ያሎም ብቸኝነት ያለውን ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ እሷ ብቻዋን ነበረች። ሞት ያመጣባት ብቸኝነት ብቻ አይደለም ያ። እኛ የጨመርንባት ነው።

አንድ ማታ የማድረው ተራ የኔ ሆነ። መብራት ጠፍቷል። ሻማ አብርተናል። እንዝርቷን አስቀምጣ እጇን እያሻሸች፣

"አንቺ ልጅ፣ ጨጓራ እንዲህ ያከሳል እንዴ?" አለችኝ።

"አይዞሽ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቆንጆ ቃል ነው። ስንቱን አቁሟል። ግን ቶሎ ሲባል በር ይዘጋል። የሚናገረው ሰው ዝም ይላል፤ ያረፍነው እኛ ነን። ስለዚህ ዋጥኩት።

"አንቺ ምን ይመስልሻል፣ እቴቴ?"

ረጅም ዝምታ። ሻማው ሲንጠባጠብ አየሁ።

"እንደምሄድ ነው የሚመስለኝ።"

"ምኑ ነው የሚከብድሽ?"

"መሞቱማ ያለ ነው። ማን ቀርቶ? እናንተ ናችሁ የከበዳችሁኝ። ስገባ ወሬ ታቋርጣላችሁ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ታናሽ እህቷ አነሳች። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ዓመታት ተኳርፈዋል። "ሳላያት ብሄድ አፈር አይበላኝም" አለች። ስለ ፈትሉም አሰበች። የቀረው ጥጥ በእጇ ያልቅላት እንደሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዘመድን ማማከር በሙያችን የተከለከለ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ እቴቴን አላማከርኩም። እንደ ልጅ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ የሰጠኝ ነገር አለመሸሽን ነው። ደግሞም ያ ወሬ የተቻለው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሐኪሙ የማስታገሻ መድኃኒቷን ስለቀየረላት ነው። ስቃይ ላይ ያለን ሰው ስለ ሕይወት ትርጉም መጠየቅ ጭካኔ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ይታከም።

ሮሎ ሜይ የሚባል የዚህ መንገድ ትልቅ ሰው አለ። ወጣት ሳለ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ማገገሚያ ተኝቶ ከርሟል። እዚያ ሆኖ ስለ ጭንቀት የፍሮይድንም የዴንማርኩን ፈላስፋ የኪርኬጋርድንም ጽሑፍ አነበበ። ፍሮይድ ጭንቀት እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል፤ ኪርኬጋርድ ግን ሕመምተኞቹ አልጋቸው ላይ ሆነው የሚሰማቸውን ራሱን ጻፈው አለ። የኛ ቋንቋ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ጭንቅ የምንለው ምጥንም ነው። እመቤታችንን የጭንቅ አማላጅ ብለን የምንጠራት ጭንቅ የሚሸሽ ሳይሆን የሚታለፍ መሆኑን ስለምናውቅ ነው።

በማግስቱ ለያክስቴ ልጅ ነገርኩት። አልነገርኳትም፣ እሷ ራሷ ታውቃለች አልኩት። "ገደልሻት! ተስፋዋን ቆረጥሽባት!" ብሎ ጮኸብኝ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። አልተቀየምኩትም። የደበቀው ከፍቅር ነው። በኛ ዘንድ መርዶ እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው እንዲደግፍ ተዘጋጅቶ ነው። ከመጣ በኋላ ሞትን እንደኛ የሚጋፈጥ ያለ አይመስለኝም። ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ሠልስቱ፣ አርባው። ማንም ለብቻው አያለቅስም። ከመምጣቱ በፊት ግን እንደብቀዋለን፤ የምንደብቀውም ከባለቤቱ ነው።

እና ኑዛዜስ? አባቶቻችን ኑዛዜ ያሉት ንስሐውንም ውርሱንም ነው። ሰው መሄዱን አውቆ ይናዘዛል፣ ይታረቃል፣ ይመርቃል። ጨጓራ ነው ያልናት ሴት ምን ብላ ትናዘዝ? በሦስተኛው ቀን እቴቴ ራሷ ልጇን ጠራችው። "የንስሐ አባቴን አምጣልኝ" አለችው። ያኔ ነው እሱም ቁጭ ብሎ ያለቀሰው። ፊት ለፊቷ። ከታመመች ወዲህ መጀመሪያው ነበር።

ቪክቶር ፍራንክልን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የቪየና ሐኪም ነው። አይሁዳዊ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1942 ከወላጆቹና ከሚስቱ ጋር ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ተወሰደ። በ1944 ወደ አውሽቪትዝ ተጋዘ። እዚያ ሲደርስ ኮቱ ውስጥ የደበቀው የመጽሐፉ ረቂቅ ነበር፤ ተቀማ። በኋላ በሌላ ካምፕ ተስቦ ይዞት ሳለ በቁራጭ ወረቀት እየጫረ እንደገና ይጽፈው ነበር። በ1945 ነጻ ሲወጣ ሚስቱም እናቱም አባቱም ወንድሙም የሉም። ይህ ሰው ነው ትርጉም የማግኛ ሦስት መንገድ አለ ያለው። በምንሠራው ሥራ፣ በምንወደው ሰውና በምናየው ውበት፣ ሊቀየር በማይችል መከራ ላይ በምንይዘው አቋም። እኛ ከሕይወት ምን እንጠብቃለን ብለን ከመጠየቅ ይልቅ ሕይወት አሁን ከኔ ምን ትጠብቃለች ብለን እንጠይቅ ይላል። ክፍል ውስጥ ስማረው ከፍ ያለ የፈላስፋ ወሬ መሰለኝ። ያን ሰሞን ግን መልሱን ያየሁት የእቴቴ ጭን ላይ ነው። የቀረ ባዘቶ ነበር። የቀረች እህት ነበረች።

የማልስማማበትም አለ። ነጻነት ሲሉ ብቻውን ቆሞ የሚመርጥ ሰው የሚታያቸው ጸሐፊዎች አሉ። እኛ ቤት ስድስት ሰው ኩሽና ገብቶ ነው የሚወስነው። እቴቴም ነጻነቷን ስታገኝ መጀመሪያ ያደረገችው ሰው መጥራት ነው። በዚህ በኩል ኔዘርላንድ ተወልዳ እንግሊዝ አገር የምትሠራው ኤሚ ቫን ዶርዘን ትቀርበኛለች። ሰው በአራት ዓለም ይኖራል ትላለች፤ በሥጋው፣ ከሰው ጋር፣ ከራሱ ጋር፣ በመንፈሱ። ለኛ ሰው አራቱም ያስፈልጋሉ። የንስሐ አባቷን ውጭ አስቁሞ እቴቴን መረዳት አይቻልም።

እህቷ በአውቶብስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መግባት ፈራች። እቴቴ ከአልጋዋ "ማን ነው? ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው" አለቻት። ስለ ውርሱ አንድም ቃል አልተነሳም። እህቷ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ፣ ከዚያ ስለ ልጅነታቸው ላም ሲያወሩ አመሹ።

እቴቴ ግንቦት ላይ አረፈች። ፈትሉን አልጨረሰችውም። የቀረውን እህቷ ናት የፈተለችው። ለቅሶው ላይ ሰው እየገባ እየወጣ፣ እሷ ጥግ ይዛ እንዝርት ስታሽከረክር ነውር ነው ያላት ነበር። አልሰማችም።

ጋቢው ከአርባው በኋላ ከሽሮ ሜዳ መጣ። ሰርጉ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ታናሹ ልጅ ለብሶት ተቀመጠ። ከጥለቱ ከፍ ብሎ ክሩ ወፈር፣ ሸካራ የሚልበት ቦታ አለ። እቴቴ መጨረሻዋ ላይ እጇ እየደከመ የፈተለችው ነው። ምንም አላልኩትም። እያወራን ሳለ ጣቱ ራሱ አገኘው። ወሬውን አቁሞ ያን ቦታ ደጋግሞ ዳሰሰው።