አዞው ሳቀ

ዛሬ ከሰሉ እምቢ ብሎኝ እያራገብኩ ስልኬ ላይ የሼሮአናዌ ሃኪሂዌን ሥዕሎች አየሁ። በአማዞን ጫካ ከሚኖሩት ከያኖማሚ ሕዝብ የተወለደ የቬንዙዌላ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው የጣሊያን ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ሥራው ቀርቧል። ቀጭን መስመር፣ ነጠብጣብ፣ በቃ። ግን ጫካው ይታይሃል።

ከዚያ የእሳት ተረታቸውን አነበብኩ። እሳት ድሮ የአዞ ነበር አሉ። አፉ ውስጥ ደብቆ አባጨጓሬ እየጠበሰ ብቻውን ይበላል፤ ሌላው ጥሬውን ያላምጣል (ስስታም!)። ስለዚህ ሊያስቁት ተማከሩ። አልስቅም ብሎ ሲታገል ቆይቶ አፉን ሲከፍት አንድ ወፍ እሳቱን ላፍ አድርጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው። አዞ ወደ ውኃ ገባ።

ልጄ "በምን አሳቁት?" አለችኝ። በአንዱ አተራረክ ሌላ ወፍ ጭራውን እያነሳ ሰው ላይ ኩሱን ይረጫል። በሳቅ ፈረሰች። ከሰሉ ግን አሁንም አልተያያዘም።