ሜሽ ሲያደክም የዋለበት ቀን
ዛሬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ የዋልኩት በአንድ የእንፋሎት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ምክንያት ነው። 540 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ እንፋሎት በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን በስሌት ማየት ነበር ሥራው።

ቫልቭ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ጉዱ ውስጡ ነው። እንፋሎቱ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። እጅግ የጠበበው ቦታ ላይ ግፊቱ የመግቢያውን 55 በመቶ ገደማ ሲሆን ፍጥነቱ የድምፅን ፍጥነት ይይዛል። ከዚያ በኋላ የመውጫውን ግፊት የቱንም ያህል ብትቀንሱት የሚያልፈው መጠን አይጨምርም። ወይ ፍንክች!

ጊዜዬን የበላው ግን ሜሹ ነው (ሁሌም እሱ ነው)፤ ለስሌቱ ሲባል የቫልቩን ውስጥ ሴል ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የሚከፋፍለው መረብ ማለት ነው። የቫልቩ መዝጊያ የሚያርፍበት መቀመጫ ጠርዝ ላይ ሴሎቹ ትንሽ ተለቅ ካሉ፣ ፍሰቱ ከግድግዳው የሚላቀቅበት ቦታ ይዛነፋል። የግፊት ኪሳራውም አብሮ ይሳሳታል። ስክሪኑ ላይ ምስሉ ያው ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ያምራል። ለዚህ ነው ባለቀለም ምስል ብዙም የማላምነው። መጀመሪያ የማየው የገባውና የወጣው እንፋሎት በኪሎግራም እኩል መሆኑን ነው። ከዚያ ሜሹን አድቅቄ ደግሜ አሰላለሁ። መልሱ ካልተነቃነቀ እቀበለዋለሁ።

ዛሬ ተነቃነቀ። በሉ፣ ማሽኑ ሲያሰላ ይደር፤ እኔ ልተኛ።