የጠቆረው ሙሌት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው ጥርሴ ነው። አያመኝም፣ አይነቃነቅም። ግን ተማሪ እያለሁ መንጋጋዬ ላይ ያስሞላሁት ሲልቨር ጠቁሯል፤ ዙሪያው ያለው ጥርስም ግራጫ ሆኗል። የፊት ጥርሴ ላይ ያለው ነጭ ሙሌት ደግሞ ዳር ዳሩን ቡና ይዞታል። ስስቅ የሚታየው እሱ ነው።

ታላቅ እህቴ «ሁሉንም አስወጪው» ባይ ናት። «ሜርኩሪ እኮ ነው! እንዴት መርዝ አፍሽ ውስጥ ይዘሽ ትዞሪያለሽ?» ትለኛለች። ከመሬት ተነስታም አይደለም። አማልጋም የሚባለው ይህ የሲልቨር ሙሌት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሐኪም የግድ ያስፈልጋል ካላለ በቀር ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ እንዳይሞላ ከልክሏል። ይህን ሳነብ እኔም ፈራሁ። ዓለም እየተወው ያለውን ነገር ምን ብዬ ልሸከመው?

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ አትቸኩልም። መጀመሪያ ጥርሴን በአየር አደረቀችው። ከዚያ ጫፉ ሹል በሆነ ቀጭን ብረት የሙሌቱን ዳር ዙሪያውን ቀስ እያለች ዳሰሰችው። ክፍተት ካለ ብረቱ ያዝ ያደርገዋል። የትም አልያዘውም። ራጅ ተነሳሁና አብረን ስክሪኑን አየን። አፌ ውስጥ ጥቁር የሆነው ሙሌት ራጁ ላይ ቦግ ያለ ነጭ ነው። «ከስሩ ጠቆር ያለ ጥላ ቢኖር ኖሮ መበስበስ ጀምሯል እንል ነበር» አለችኝ በጣቷ እያሳየችኝ። ጥላ የለም።

«ጥቁረቱ አያስደንግጥዎት። ብረቱ ከጊዜ ብዛት ቀለሙን ለጥርሱ ሰጥቶት ነው።»

«ሜርኩሪውስ ዶክተር?»

መልሷ ያልጠበቅኩት ነበር። ሙሌቱ ካልተሰነጠቀና ካልላላ የሚለቀው ትነት በጣም ትንሽ ነው። በርከት ብሎ የሚወጣው ሲሰረሰር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና የኩላሊት ወይም የነርቭ ችግር ያለባቸው ሰዎች አዲስ አማልጋም ባይሞላላቸው ይሻላል ብሏል። ደህና ሆኖ የተቀመጠውን ግን ያለ ሕክምና ምክንያት አታስወጡ ነው ያለው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። አሮጌ ሙሌት በወጣ ቁጥር መሰርሰሪያው ከጤነኛው ጥርስም ትንሽ ይወስዳል። ጉድጓዱ ይሰፋል። ቀጣዩ ሙሌት ትልቅ ይሆናል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ አንድ ቀን ሲነክሱበት ይሰነጠቃል። ከዚያ የስር ሕክምና፣ ከዚያ ክራውን የሚሉት የጥርስ ሽፋን። በላዩ ላይ ነጩ ሙሌት መንጋጋ ላይ ሲሆን በአማካይ የሲልቨሩን ያህል ዕድሜ የለውም። ጥርስ እንደ ጥፍር መልሶ አያድግም። ለቀለም ብዬ ጤነኛ ጥርሴን ላስፈጭ?

ከክሊኒኩ ወጥቼ በእግሬ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ አክስቴን አሰብኩ። ድዷን የተነቀሰች ናት። በእነሱ ጊዜ ድድ ሲጠቁር ጥርስ ይበልጥ ይነጣል፤ ቁንጅናው እሱ ነበር። የዛሬው ደግሞ ሁሉም ጥርስ አንድ ዓይነት ወረቀት የመሰለ ነጭ ይሁን ይላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገች አንድ ጓደኛዬ ከውሃው ፍሎራይድ የተነሳ ጥርሷ ቡናማ ነው። ጠንካራ ነው፣ አያማትም። ግን ፎቶ ላይ አፏን ገጥማ ነው የምትነሳው። ይሄ ያሳዝነኛል። ማማር መፈለጓ ተገቢ ነው፤ ማፈሯ ግን አይገባትም ነበር።

ስለዚህ የመንጋጋዬ ይቆያል። የፊተኛው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስስቅ እጄን ወደ አፌ መላክ ሰልችቶኛል። ዶክተሯ መጀመሪያ ላዩን አጸዳችልኝ፤ አንዳንዱ የቡና ቀለም በዚያ ብቻ ይለቃል። አብዛኛው ለቀቀ፤ ዳሩ ላይ ግን ቀጭን ቡናማ መስመር ቀረ። እሱን አስቀይረዋለሁ። ጥርሴን ላስነጣ ካሰብኩም ማስነጣቱ እንደሚቀድም ነግራኛለች። ማንጫው የሚሠራው ጥርሱ ላይ እንጂ ሙሌቱ ላይ አይደለም፤ የአዲሱ ሙሌት ቀለም የሚመረጠው ከነጣው ጥርስ ጋር ተመሳክሮ ነው። እኔ ማስነጣቱን አልፈለግኩም። የራሴ ጥርስ ቀለም ይበቃኛል።

ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ ነው። የመንጋጋዬን ራጅ እንድታስቀምጥልኝ ጠይቄያታለሁ፤ በሚቀጥለው ምርመራ አዲሱን ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን። ጥላ ከታየ ያኔ ይወጣል።