ታርሞጎይፍ ዛሬም ደክ ውስጥ ይግባ?

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በሚባለው የካርድ ጨዋታ ደክ (ይዘን የምንጫወተውን የካርድ ጥቅል) ስናዘጋጅ፣ ፍጡር ካርድ ስናነሳ የብዙዎቻችን ዓይን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ታች ቀኝ ጥግ ነው። ጉልበቱ፣ ማለትም የሚያደርሰው ጉዳት፣ ስንት ነው? ጥንካሬውስ፣ ማለትም ስንት ጉዳት ሲደርስበት ይሞታል? ታርሞጎይፍ ላይ ግን እዚያ ጥግ የምታገኙት ኮከብ ምልክት ነው፣ ቁጥር ፈልጎ የመጣ ሰው ግራ ይገባዋል።

ካርዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ፊውቸር ሳይት ከሚባለው ስብስብ ጋር ወጣ። ሁለት ማና (ካርድ ለማውጣት የምንከፍለው ኃይል) ይፈልጋል። ጉልበቱ በሁሉም ተጫዋቾች መቃብር (ያገለገሉና የሞቱ ካርዶች የሚከማቹበት ቦታ) ውስጥ ባሉት የካርድ ዓይነቶች ብዛት ይለካል፣ ጥንካሬው ከዚያ በአንድ ይበልጣል። የእኔ መቃብር ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፣ ተጋጣሚዬም ሳይወድ በግዱ ይቀልብልኛል። በመጀመሪያው ተራ ራሱን ሰውቶ ሌላ መሬት የሚያመጣ መሬት ተጠቅሜ፣ ቶትሲዝ በሚባል ሶርሰሪ (በራሳችን ተራ የምንጠቀመው የአስማት ካርድ) ከእጁ አንድ ፍጡር ባስጥለው መቃብር ውስጥ መሬት፣ ሶርሰሪና ፍጡር አለ ማለት ነው። በሁለተኛው ተራ 3/4 (ጉልበት 3፣ ጥንካሬ 4) ይዤ ከች!

በጣም የምወደው ግን ላይትኒንግ ቦልት ከሚባለው ኢንስታንት (በማንም ተራ መጠቀም የሚቻል የአስማት ካርድ) ጋር ሲገናኝ ነው። ጎይፍ 2/3 ነው፣ መቃብር ውስጥ ኢንስታንት የለም እንበል። ተጋጣሚ በቦልት ሦስት ጉዳት ያደርስበትና ገደልኩት ብሎ ዘና ይላል። ግን ቦልቱ ሥራውን እንደጨረሰ ራሱ መቃብር ይገባል፣ ጨዋታው ማን ሞተ ብሎ የሚያጣራው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ኢንስታንት ተጨመረ፣ ጎይፍ 3/4 ሆነ፣ አልሞተም። ይሄን ሳያውቅ ቦልቱን ያባከነ ሰው ፊት ማየት ነው!

ይሄ ሁሉ ሆኖ እኔ ዛሬ ዝም ብዬ አላስገባውም። ፍጡር ስመዝን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወዲያው ቢገድሉብኝ ምን ይቀረኛል? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፌታል ፑሽ የሚባል ካርድ በአንድ ማና ያጠፋዋል። እኔ ሁለት ከፈልኩ፣ ተጋጣሚዬ አንድ ከፈለ፣ እጄ ላይ ምንም የለም። ስናፕካስተር ሜጅ የሚባለው ፍጡርም ሁለት ማና ነው፣ 2/1 ብቻ፣ ሲያዩት ምስኪን። እሱ ግን ገና ሲገባ ከመቃብሬ አንድ ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ እንደገና እንድጠቀም ይፈቅድልኛል፣ ከዚያ ቢሞትም ሥራውን ሠርቷል።

ዋጋው ውድ ነበር የሚለውን ክርክር ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ በተደረገ ውድድር አንድ ተጫዋች ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገብቶ፣ ከተከፈተ እሽግ ካርድ እየመረጡ ደክ በሚሠሩበት ዙር ለደኩ የሚጠቅመውን ካርድ ትቶ የሚያብረቀርቅ ጎይፍ አነሳ፣ ኋላም ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ሸጠው። ስንቱ ወረደበት! እኔ አልፈርድበትም፣ ግን ያ የገበያ ሒሳብ ነው።

ደካችሁ በቶትሲዝና በመሳሰሉት የተጋጣሚን እጅ ቀድሞ የሚያራቁት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፑሹን ከእጁ አስጥላችሁ ጎይፍን ብታወጡ ማን ይነካዋል? እንደዚያ ከሆነ ደክ ውስጥ የሚፈቀዱትን አራቱንም ቅጂ አስገቡ።